የትንሿ ላፕቶፕ ውልደትና ሞት

የዕቃ ታሪክ ሲጻፍ አብዛኛውን ጊዜ የሚጻፈው የትልቁና የውዱ ታሪክ ነው። ስለ መኪና ሲነሣ የቤተ መንግሥቱና የእሽቅድምድሙ መኪና ይወራል እንጂ፣ ከተማውን ሙሉ ሲያመላልስ የኖረው ውይይት ታክሲ አይታወስም። የኮምፒዩተር ታሪክም ከዚህ የተለየ አይደለም። ስለ ኃያላኑ ማሽኖችና ስለ ባለጸጋ ፈልሳፊዎቻቸው ብዙ ተብሏል። ከ2007 እስከ 2012 ድረስ ብቻ ኖራ ያለፈችው፣ በዋጋዋም በቁመቷም ትንሽ የነበረችው ላፕቶፕ ግን ይህ ነው የሚባል ታሪክ ጸሐፊ አላገኘችም። ዓለም «ኔትቡክ» ይላታል። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይገንዘብልን።)

ብዙዎች «ዕድሜዋ ያጠረው ደካማ ስለ ነበረች ነው» ይላሉ። እውነትነት አለው፤ ሙሉ እውነት ግን አይደለም። ታሪኳን ከሥሩ ስንመረምረው ሌላ ነገር እናገኛለን። ከድካሟ ከፊሉ በውል የተጣለባት ነበር። ርካሹ ዕቃ የውዱን ገበያ እንዳይነካ አጥር ታጠረበት። ነገሩ እንግዲህ የአንዲት ማሽን ጉዳይ ብቻ አይደለም። ገቢው ትንሽ ለሆነ ሰው «ይህ ይበቃሃል» ብሎ የሚወስነው ማን ነው? ጥያቄው ይህ ነው።

ሻንጣው ደብተር እስኪሆን

ኮምፒዩተርን እንደ ደብተር በብብት ይዞ የመሄድ ሐሳብ የተጠነሰሰው ለነጋዴ ወይም ለወታደር አልነበረም፤ ለልጆች ነበር። በዜሮክስ ኩባንያ የፓሎ አልቶ የምርምር ማዕከል ይሠራ የነበረው አሜሪካዊው አለን ኬይ በ1972 ባቀረበው ጽሑፍ «ዳይናቡክ» ያላትን ማሽን በሐሳቡ ሥሎ አሳየ። መጠኗ የደብተር፣ ክብደቷ ከሁለት ኪሎ በታች፣ ዋጋዋም 500 ዶላር ገደማ እንድትሆን ተመኘ። በዚያን ጊዜ እንዲህ ያለች ማሽን የሚሠራ አልነበረም። ኮምፒዩተር ማለት ክፍል ሙሉ ብረት ነበርና።

ከዘጠኝ ዓመት በኋላ፣ በ1981፣ «ኦዝቦርን 1» የተባለው ማሽን ለገበያ ቀረበ። «ተንቀሳቃሽ» ቢባልም ክብደቱ 11 ኪሎ፣ ስክሪኑ 5 ኢንች ብቻ ነበር። ሲዘጋ የልብስ ስፌት መኪና የተሸከሙ ያስመስላል። ዋጋው 1,795 ዶላር ሲሆን፣ የኤሌክትሪክ መሰኪያ በሌለበት ቦታ ደግሞ ከብረት ሻንጣነት አያልፍም።

ለጽሑፍ ሰው እውነተኛው ወዳጅ የመጣው በ1983 ነው። የጃፓኑ ኪዮሴራ ሠርቶት የአሜሪካው ታንዲ ኩባንያ በሬዲዮ ሻክ መደብሮቹ የሸጠው «ሞዴል 100» ስክሪኑ ስምንት መስመር ብቻ ያሳያል፤ በአንድ መስመር የሚይዘውም 40 ፊደል ነው። ነገር ግን በአራት ትንንሽ የባትሪ ድንጋይ ሃያ ሰዓት ያህል ይሠራል። ሲከፈት ወዲያው ይነሣል፤ ጽሑፉንም በስልክ መስመር ወደ ዝግጅት ክፍል ይልካል። ዘጋቢዎች በጣም ወደዱት። ኳስ ሜዳም ሆነ ጦር ሜዳ ይዘውት ሄዱ። የዚህ ማሽን ትምህርት ቀላል ነው፤ ሰውየው የሚፈልገው መጻፍ ከሆነ፣ ብዙ ኃይል ሳይሆን ጥሩ ቁልፍ ሰሌዳና የማያልቅ ባትሪ ይበቃዋል።

ኢንዱስትሪው ግን ይህን ትምህርት ቶሎ ረሳው። በ1990ዎቹ ማሽኖቹ እያነሱ በሄዱ ቁጥር ዋጋቸው እየናረ ሄደ። በ1996 ቶሺባ ያወጣት «ሊብሬቶ» ክብደቷ ከአንድ ኪሎ በታች ነበር፤ ዋጋዋ ግን ከኪሷ ከገባችው በላይ የባለቤቷን ኪስ የሚያራቁት ነበር። ትንሽ ላፕቶፕ የሥራ አስኪያጅ ጌጥ ሆነ። «ትንሽ» እና «ርካሽ» በአንድ ዕቃ ላይ እንዲገናኙ ሌላ አሥር ዓመት መጠበቅ አስፈለገ።

የመቶ ዶላሩ ሕልም

በጥር 2005፣ የኤም አይ ቲው ምሁር ኒኮላስ ኔግሮፖንቴ በዳቮስ ተነሥቶ «ለእያንዳንዱ የድሃ አገር ልጅ መቶ ዶላር የሚያወጣ ላፕቶፕ እናድርስ» አለ። በዚያው ዓመት ኅዳር ላይ በቱኒዝ በተደረገው ጉባኤ፣ የተባበሩት መንግሥታት ዋና ጸሐፊ ኮፊ አናን በተገኙበት፣ ናሙናዋ ታየች። እጀታ እየዞረ ኃይል የሚሰጣት፣ እንደ መጫወቻ ያማረች ማሽን ነበረች። እጀታው ኋላ ቀረ። መቶ ዶላሩም ወደ ሁለት መቶ ተጠጋ። ቢሆንም በ2007 መጨረሻ መመረት የጀመረችው «ኤክስኦ» ብልህ ማሽን ነበረች። ስክሪኗ በጠራራ ፀሐይ ይነበባል፤ አቧራ ትችላለች፤ የምትፈጀው ኃይል እጅግ ጥቂት ነው።

ይህች ማሽን ወደ አገራችንም መጥታለች። በ2008 አምስት ሺህ ያህሉ ገብተው በአዲስ አበባና ከአዲስ አበባ ውጭ ላሉ ጥቂት ትምህርት ቤቶች ታደሉ። የኡራጓይ መንግሥት ግን ከሁሉም በላይ ተራመደ፤ በ2009 ለመንግሥት አንደኛ ደረጃ ተማሪዎቹ በሙሉ አዳረሰ። ውጤቱስ? በፔሩ የተካሄደውና በ2012 ይፋ የሆነው ጥናት፣ ላፕቶፕ የተሰጣቸው ልጆች በሒሳብና በቋንቋ ፈተና ካልተሰጣቸው ብልጫ እንዳላሳዩ አረጋገጠ። ማሽኗን ከልጁ እጅ ማድረስ ቀላሉ ሥራ ነበር። ከባዱ መምህሩን ማሠልጠን፣ የተሰበረውን መጠገን፣ በልጁ ቋንቋ የሚነበብ ነገር ማዘጋጀት ነበር። ለዚህ ደግሞ እንደ ማሽኗ የሚጨበጨብለት አልተገኘም።

ያም ሆኖ ሕልሙ ባልታሰበ መንገድ ፍሬ አፈራ። እስከዚያ ድረስ በሁለት መቶ ዶላር ላፕቶፕ መሥራት ይቻላል ብሎ የሚያምን ፋብሪካ አልነበረም። አሁን ታየ። የታይዋን ፋብሪካዎችም ዓይናቸውን ገለጡ።

የታይዋኗ ልጅ

አሱስ የተባለው የታይዋን ኩባንያ በሰኔ 2007 በታይፔ ኤግዚቢሽን ያሳያትን ማሽን በጥቅምት ለገበያ አቀረበ። ስሟ «ኢ ፒሲ» ነው። ስክሪኗ 7 ኢንች፣ ክብደቷ 920 ግራም፣ ሚሞሪዋ 512 ሜጋባይት ነበር። የሚሽከረከር ዲስክ በማስቀረት በምትኩ 4 ጊጋባይት ፍላሽ ተሰጣት፤ በውድ ዋጋ ከሚሸጠው ዊንዶውስም ይልቅ በነጻ የሚገኘው ሊኑክስ ተጫነባት። ዋጋዋ በአሜሪካ 400 ዶላር ገደማ ነበር። ለድሃ አገር ልጅ የታሰበው ሐሳብ የሀብታም አገር ሰው ሁለተኛ ላፕቶፕ ሆኖ ተሸጠ።

በሚቀጥለው ዓመት ኢንቴል «አተም» የተባለውን ርካሽና ኃይል ቆጣቢ ፕሮሰሰር ሲያወጣ ኤሰር፣ ኤምኤስአይ፣ ኤችፒ፣ ዴል፣ ሳምሰንግ ተከታትለው ገቡ። ስክሪኑ ወደ 9፣ ከዚያም ወደ 10 ኢንች አደገ። የ2008ቱ የገንዘብ ቀውስም የገዢውን ኪስ ስላጠበበው ለትንሿ ማሽን ሲሳይ ሆነላት። የሽያጭ ሰንጠረዥ ሁሉ ሲያሽቆለቁል የእርሷ ብቻ ወደ ላይ ወጣ።

አብሯት የኖረ ያውቃታል

ይህ የገበያው ታሪክ ነው። የባለቤቱ ታሪክ ደግሞ ሌላ ነው። ወደ አዲስ አበባ ከገቡት ትንንሽ ላፕቶፖች ብዙዎቹ የመጡት በዘመድ ሻንጣ ነው። አንድ ኪሎ ብቻ የምትመዝን ስጦታ ለመንገደኛ አትከብድም። እኔም የጋዜጠኝነት ተማሪ ሳለሁ ያገኘኋት ባለ 10 ኢንቿ ማሽን አሜሪካ በምትኖር አክስቴ ሻንጣ የመጣች ነበረች።

ከእርሷ ጋር መኖር ትዕግሥት ይጠይቃል። ቁልፉን ተጭኖ ጀበና ቢጥዱ፣ ቡናው ሊፈላ ሲል ትነሣለች። ስክሪኗ ከቁመቱ ያጥራል። አንዳንድ ፕሮግራም ጥያቄ ሲያቀርብ «እሺ» የሚባልበት ቁልፍ ከስክሪኑ ግርጌ በታች ወርዶ ይደበቃል። የማይታየውን ነገር በግምት «እሺ» ማለት የለመድነው ያን ጊዜ ነው። ቁልፎቿ እርስ በርስ የተጠጋጉ ናቸው። አማርኛ ደግሞ በአብዛኛው ለአንድ ፊደል ሁለት ጊዜ መምታትን ስለሚጠይቅ፣ አንድ ገጽ ጽሑፍ የጣት ጂምናስቲክ ይሆናል። ሲዲ ማስገቢያ ስለሌላት ሁሉም ነገር የሚመጣው በፍላሽ ነው። ፍላሹም ከጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ ቤቱ ቫይረስ ይዞ ይመለሳል።

ጥቅሟ ግን ጉድለቷን ይክስ ነበር። መብራት ሲጠፋ የመሥሪያ ቤቱ ትልቁ ኮምፒዩተር ጽሑፍ በልቶ ሲጨልም፣ ትንሿ ሦስት ሰዓት ያህል ትሠራለች። ክፍሉን ብቻዋን ታበራለች። ታክሲ ውስጥ ጉልበት ላይ ትቀመጣለች። በተራ ቦርሳ ስለምትያዝ የሌባ ዓይን አትስብም። ቪዲዮ ስትከፍት ስለምትንተባተብም ባለቤቷን ወደ ጽሑፉ ትመልሰዋለች። ጎመን በጤና ይሏል ይህ ነው።

አጥሩ

ታዲያ እንዲህ የተወደደች ማሽን ለምን ሁልጊዜ ዘገምተኛ ሆና ቀረች? ርካሽ ፕሮሰሰር አንዱ ምክንያት ነው። ሁለተኛው ግን በውል የተጻፈ ነው።

በ2008 ማይክሮሶፍት ዊንዶውስ ኤክስፒን ከገበያ ሊያወጣ ተዘጋጅቶ ነበር። ተተኪው ቪስታ ግን ለትንሿ ማሽን እጅግ ከባድ ነው። ሊኑክስም በዚህ ክፍተት እየገባ ነበር። ስለዚህ ኩባንያው በዚያ ዓመት ሚያዝያ የኤክስፒን ዕድሜ ለእነዚህ ላፕቶፖች ብቻ አራዘመ። በርካሽ የሚሰጠው ግን በቅድመ ሁኔታ ነው። ስክሪኑ ከዚህ ኢንች፣ ዲስኩ ከዚህ መጠን፣ ሚሞሪው ከ1 ጊጋባይት እንዳይበልጥ ተባለ። ፋብሪካዎቹም ያንን ልክ አክብረው ሠሩ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ በመደብር የተደረደሩት ትንንሽ ላፕቶፖች ስማቸው ቢለያይም ውስጣቸው አንድ ዓይነት የነበረው በዚህ ምክንያት ነው።

በ2009 የወጣው «ዊንዶውስ 7 ስታርተር» ደግሞ ይብሳል። በመጀመሪያ ከሦስት ፕሮግራም በላይ በአንድ ጊዜ እንዳይከፈት ታስቦ ነበር። ጩኸት ሲበዛ ያ ቀረ። የስክሪኑን ጀርባ ሥዕል መለወጥ ግን እንደ ተከለከለ ቆየ። ሥዕል መለወጥ የማሽን ኃይል የሚጠይቅ ነገር አይደለም። ክልከላው ለባለቤቱ የሚናገረው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «የገዛኸው ርካሹን መሆኑን አትርሳ።»

ማን ገደላት?

በጥር 2010 ስቲቭ ጆብስ አይፓድን ሲያስተዋውቅ፣ ኔትቡክ በምንም ነገር የተሻለች አይደለችም፣ ርካሽ ላፕቶፕ ብቻ ናት ሲል ተቻት። የእርሱ ዕቃ መነሻ ዋጋ 499 ዶላር ነበር። በ2011 ኢንቴል ፊቱን «አልትራቡክ» ወዳላቸው ቀጫጭን ማሽኖች አዞረ፤ የታለመላቸው ዋጋ እስከ አንድ ሺህ ዶላር ነው። ለሻጩ ነገሩ ግልጽ ነበር። ከ300 ዶላር ዕቃ የሚገኘው ትርፍ እፍኝ አይሞላም። በ2013 መባቻ የመጀመሪያዎቹ አሱስና ኤሰር ምርቱን አቆሙ። ልጅቷን የወለዷት ራሳቸው ቀበሯት።

ርስቷን የወረሱት ሁለት ናቸው። አንደኛው በ2011 የወጣው ክሮምቡክ ነው። በ2012 በ249 ዶላር ሲሸጥ የትንሿን ላፕቶፕ ሐሳብ በሌላ ስም ቀጠለው። በአሜሪካ ትምህርት ቤቶችም ተስፋፋ። በ2020 ወረርሽኙ ትምህርት ቤቶችን ሲዘጋ የብዙ ልጆች የመማሪያ ክፍል እርሱ ሆነ። ነገር ግን ያለ ኢንተርኔት እጁ አጭር ነው። ሁለተኛው ወራሽ ስልክ ነው። በእኛ አገር ደግሞ ርስቱን ጠቅልሎ የወሰደው ስልኩ ነው ማለት ይቻላል።

ስልክ ብዙ ነገር ሰጥቶናል። ያነባል፣ ያሳያል፣ ያዘምራል፣ ገንዘብ ይልካል። ቁልፍ ሰሌዳውን ግን ወሰደብን። ሰው በአውራ ጣቱ መልእክት ይጽፋል። ማመልከቻ፣ የመመረቂያ ጽሑፍ፣ ልብ ወለድ፣ የሒሳብ መዝገብ ለመሥራት ግን አሥሩን ጣቶቹን ይፈልጋል። ትንሿ ላፕቶፕ ከሞተች ወዲህ፣ ገቢው ትንሽ ለሆነው ወጣት በርካሽ የቀረበለት ዕቃ የሌላውን ሥራ የሚመለከትበት መስኮት ነው። የራሱን የሚሠራበት ጠረጴዛ አሁንም ውድ ነው።

አለን ኬይ በ1972 ለልጆች የተመኘው መስኮቱን ሳይሆን ጠረጴዛውን ነበር። ሊሠራ እንደሚችል ደግሞ ከ2007 በኋላ የነበሩት አምስት ዓመታት አሳይተዋል። አገር ውስጥ ላፕቶፕ እንገጣጥማለን፣ ለተማሪ እናከፋፍላለን የሚሉ ሁሉ ከመጀመራቸው በፊት ይህን ታሪክ ቢመረምሩት መልካም ነው። ዕቃው ርካሽ ይሁን፤ ትንሽም ይሁን። «ይበቃል» የሚለውን ቃል ግን የሚናገረው ሻጩ ሳይሆን የሚሠራበት ሰው ይሁን።