ቁልፍ ዞሮ ሞተር ሲዘገይ፦ የናፍጣ መኪና ማስነሻና የጥገናው ሙያ በገላን መስመር

የመኪና ኤሌክትሪክ ጥገና በኢትዮጵያ ከመካኒክነት ተለይቶ ራሱን የቻለ ሙያ የሆነው ዘግይቶ ነው። በ1900 ዓ.ም. እንግሊዛዊው ቤንትሌይ ለዳግማዊ ምኒልክ ያመጣው የመጀመሪያው አውቶሞቢል ሞተሩ የሚነሳው በእጅ በሚዞር ማኖቬላ ነበር። በኤሌክትሪክ የሚሠራው ማስነሻ፣ በጋራዥ አጠራር ሞተሪኖ፣ በአሜሪካዊው ቻርልስ ኬተሪንግ ተፈልስፎ በካዲላክ መኪና ላይ ለገበያ የቀረበው እ.ኤ.አ. በ1912 ነው። በብዛት ከተመረቱ የቤት መኪኖች መካከል በናፍጣ የሚሠራ ሞተር የገባበት መርሴዲስ ቤንዝ 260 ዲ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1936 ወጣ። ሞተሪኖና ናፍጣ የተገናኙበት ሞተር ነው የኋላ ኋላ የኤሌክትሪክ ባለሙያውን ሥራ ያበዛው።

ምክንያቱ ከሞተሩ አሠራር የሚመጣ ነው። የቤንዚን ሞተር በካንዴላ እሳት ሲነድ ናፍጣ የሚነደው አየሩ እጅግ ታምቆ በሚፈጥረው ሙቀት ነው። የቀድሞ የቤንዚን ሞተር አየሩን ስምንት ወይም ዘጠኝ እጥፍ ሲያምቅ የቀድሞዎቹ የቶዮታ ናፍጣ ሞተሮች ከሃያ እጥፍ በላይ ያምቃሉ። ያንን ግፊት አሸንፎ ሞተሩን ማዞር የሞተሪኖው ድርሻ ስለሆነ፣ ቁልፍ ሲዞር ከባትሪው የሚሳበው ኃይል በመቶዎች የሚቆጠር አምፔር ይደርሳል። በቤንዚን መኪና ላይ ለዓመታት ሳይታወቅ የሚቆይ የላላ ብሎን በናፍጣ መኪና ላይ ቶሎ የሚጋለጠው በዚህ የተነሳ ነው።

ናፍጣ በብዛት የገባው በጣሊያን ወረራ ዘመን፣ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ነበር። ለጦሩና ለመንገድ ሥራው ከመጡት ከባድ መኪኖች መካከል ፊያት 634ና ላንቺያ 3ሮ ይገኙበታል። ከነጻነት በኋላ መኪኖቹም፣ የተወሰኑ ጣሊያናውያን መካኒኮችም በአገር ቀሩ፤ በእነሱ ሥር ሆነው ያገለገሉ ኢትዮጵያውያን ወጣቶች ሙያውን በዓይናቸው እያዩ ቀሰሙት። በ1934 ዓ.ም. የተግባረ ዕድ ትምህርት ቤት በአዲስ አበባ ተከፈተ። በ1943 ዓ.ም. የተቋቋመው የአውራ ጎዳና ባለሥልጣንም በሰበታ አጠገብ በምትገኘው ዓለምገና የራሱን ማሠልጠኛ አደራጅቶ ለመንገድ ሥራ መሣሪያዎች ባለሙያ አፍርቷል። ያም ሆኖ ሙያው በዋናነት ከሰው ወደ ሰው የተላለፈው በረዳትነት ነው። ረዳቱ ከሾፌሩ ጋር እያደረ፣ በረሃ ላይ የቆመ መኪና እያስነሳ ተማረ። ይህ ትምህርት ከክፍል ትምህርት ያነሰ አልነበረም፤ ጉድለቱ በጽሑፍ አለመቀመጡ ብቻ ነው።

ገላን በዚህ ታሪክ ውስጥ የምትገባው በመንገዱ ነው። ከአዲስ አበባ በቃሊቲና በአቃቂ ወጥቶ በገላን፣ በዱከም፣ በቢሾፍቱና በሞጆ በኩል ወደ አዳማ የሚዘልቀው አውራ ጎዳና ወደ ጅቡቲ፣ ቀድሞም ወደ አሰብ ወደብ የሚሄደው የጭነት መስመር ነው። ኤንትሬ እየተባለ የሚታወቀው ፊያት 682 ኤን 3 ለረጅም ዘመን የዚህ መስመር ዋና ተሸካሚ ነበር። በ1990 ዓ.ም. ከኤርትራ ጋር ጦርነት ተነስቶ የአሰብ በር ሲዘጋ የአገሪቱ የወደብ ጭነት ከሞላ ጎደል ወደ ጅቡቲ ዞረ፤ የገላን መንገድም ይበልጥ ተጨናነቀ። መኪና በሚያድርበት ቦታ ጎሚስታው፣ ብየዳ ቤቱ፣ ባትሪ ቻርጅ የሚያደርገውና የኤሌክትሪክ ባለሙያው ተከታትለው ይሰፍራሉ። መለዋወጫ ሲጠፋ መርካቶ ሶማሌ ተራ ይኬዳል።

የቀድሞዎቹ የጭነት መኪኖች ለኤሌክትሪክ ባለሙያ እምብዛም አስቸጋሪ አልነበሩም። የናፍጣ ፓምፓቸው በሜካኒካል መንገድ የሚሠራ፣ ሞተሩም በእጅ በሚሳብ ገመድ የሚጠፋ ስለነበር አንዴ ከተነሱ ያለ ባትሪም ይሄዳሉ። ባትሪው የሞተ መኪና በግፊት ወይም በቁልቁለት ይነሳ ነበር። ነገሩ የተወሳሰበው ፓምፓው ላይ ናፍጣውን የሚከፍትና የሚዘጋ ሶሌኖይድ ሲጨመር ነው። ከ1977 ዓ.ም. ድርቅ ወዲህ በእርዳታ ድርጅቶች የበዙት ላንድክሩዘሮች፣ ከ1983 ዓ.ም. በኋላም በግል ነጋዴዎች የገቡት ሃይሎክስና ሃያስ መኪኖች ለጥገና ቤቶች አዲስ ዓይነት ብልሽት ይዘው መጡ፤ መኪናው ጠዋት እምቢ ይላል፣ ከሰዓት ምንም እንዳልሆነ ሁሉ ይነሳል።

እንዲህ የሚመላለስ ብልሽት ባለሙያውን የሚፈትነው መኪናው ጋራዥ ሲደርስ ደህና ስለሚሆን ነው። የመጀመሪያው ልየታ በጆሮ ይደረጋል። ቁልፍ ሲዞር ሞተሩ እየዞረ ካልነደደ ችግሩ ከማሞቂያ ካንዴላዎቹ፣ ከናፍጣው ወይም ከፓምፓው ሶሌኖይድ ነው፤ ቁልፍ ሲከፈት ፓምፓው ላይ “ቅጭ” የሚል ድምፅ ካልተሰማ ወደ ሶሌኖይዱ የሚመጣው ሽቦ ይፈተሻል። ሞተሩ ጨርሶ ካልዞረና ከሞተሪኖው አንድ “ቀጭ” ብቻ ከተሰማ ግን ፍለጋው ወደ ወፍራሞቹ ገመዶችና ወደ ሞተሪኖው ራሱ ይዞራል።

በቶዮታ ናፍጣ መኪኖች ላይ የተለመደው ጥፋት በሞተሪኖው ሶሌኖይድ ውስጥ ተደብቆ ይገኛል። ውስጡ ሁለት የመዳብ መገናኛዎች አሉ፤ ቁልፍ ሲዞር አንዲት ክብ የመዳብ ሳህን ተገፍታ ሁለቱን ታገናኛለች። በእያንዳንዱ ማስነሳት የሚፈጠረው ብልጭታ መዳቡን ጥቂት ጥቂት እያለ ይበላዋል። ሳህኗ በዘንጓ ላይ ስለምትሽከረከር አንድ ጊዜ ያልተበላው ጎኗ፣ ሌላ ጊዜ የተበላው ጎኗ ያርፋል፤ መኪናው አንዴ ተነስቶ አንዴ የሚቀረው ለዚህ ነው። ሞተሪኖውን በመዶሻ መምታት ብዙ ጊዜ የሚሠራውም የተጣበቀው የሞተሪኖው ካርቦን (ብራሽ) ወይም ሳህኗ ከቦታዋ ስለምትነቃነቅ ነው። ግን መፍትሔ አይደለም። መገናኛዎቹን መቀየር ሙሉ ሞተሪኖ ከመግዛት እጅግ ይረክሳል፤ አዲስ ካልተገኘም ከወፍራም መዳብ ተቆርጦ በሞረድ ሊስተካከል ይችላል።

ሌላው ጥፋት ከባትሪው ኔጌቲቭ ወደ ሞተሩና ወደ ሻሲው የሚሄደው ገመድ ነው። እዚህ ላይ ጋራዦች ለረጅም ጊዜ የተጠቀሙበት የመብራት ሙከራ ያታልላል። ባለ 5 ዋት አምፖል የሚስበው ከግማሽ አምፔር በታች ስለሆነ ዝገት በበላው ገመድም ቦግ ብሎ ይበራል። ሞተሪኖው 300 አምፔር ሲጠይቅ ግን የ0.01 ኦም ተቃውሞ ብቻውን 3 ቮልት ያስቀራል፤ ከ12 ቮልት ባትሪ ላይ ይህ ሲጎድል ሞተሩ አይዞርም። ስለዚህ ትክክለኛው ፍተሻ በጭነት ጊዜ የሚደረግ ልኬት ነው፦ የቴስተሩ አንድ ጫፍ በባትሪው ኔጌቲቭ ራስ ላይ፣ ሌላው በሞተሩ ብረት ላይ ተይዞ ሌላ ሰው ቁልፍ ያዞራል። ከ0.3 ቮልት በላይ ከታየ ጥፋቱ በዚያ መንገድ ላይ ነው። ሥራው የደቂቃዎች ነው፤ ቢሆንም ሳይደረግ ቀርቶ ደህና ባትሪና ደህና ሞተሪኖ ያስቀየረ ባለመኪና ጥቂት አይደለም።

የአካባቢው አየርም ጫናውን ያከብደዋል። ገላን ከባሕር ወለል ከ2,000 ሜትር፣ ሱሉልታ ከ2,500 ሜትር በላይ ከፍ ይላሉ፤ በዚህ ከፍታ የአየር ግፊት ከባሕር ወለሉ በሩብ ገደማ ያንሳል። ኅዳርና ታኅሣሥ ሌሊት ሲበርድ ዘይቱ ይወፍራል፣ የሚታመቀው አየርም ቶሎ አይግልም። ሾፌሩ ቁልፉን ረዘም አድርጎ ይይዛል፤ መዳቡና ካርቦኑ በዚያው ልክ ያልቃሉ።

ገላን ከሰበታ፣ ከቡራዩና ከሱሉልታ ጋር በ2015 ዓ.ም. በሸገር ከተማ ሥር ተጠቃልላለች። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ በአሮጌ መኪኖች ላይ ከባድ ቀረጥ ጣለ፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በኤሌክትሪክ የማይሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ተከለከለ። በአገር ውስጥ ያሉት የናፍጣ መኪኖች ግን ገና ለዓመታት ይሠራሉ፤ የሚጠግኗቸው አንጋፋ ባለሙያዎች በአንጻሩ እያረጁ ነው። የቴክኒክና ሙያ ኮሌጆች የእነዚህን ሰዎች ዕውቀት እነሱ በሥራ ላይ ሳሉ በአማርኛና በአፋን ኦሮሞ ጽፈው ለሠልጣኞች ሊያስተምሩት ይገባል።