ደዌው ሥር ሳይሰድ፦ በሲስቲክ ፋይብሮሲስ ሕማም ሳንባን ስለ መጠበቅ

ከእናትም ከአባትም በሚወረስ የዘረ መል ጉድለት የሚመጣውን ሲስቲክ ፋይብሮሲስ የተባለውን ደዌ፥ ዶሮቲ አንደርሰን የተባሉት የሕክምና ሊቅ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1938 በኒው ዮርክ መርምረው ሲገልጹት የቆሽት ሕማም ብለውት ነበር፤ ዳሩ ግን የሕፃናቱ አመጋገብ ተስተካክሎ ዕድሜያቸው በረዘመ መጠን፥ ወደ ሞት የሚያደርሳቸው ከሁሉ ይልቅ ሳንባቸው መሆኑ እየተገለጠ ሄደ። በሕዋሳቱ ልባስ ላይ ክሎራይድን የሚያሳልፈው መንገድ ስለሚዘጋ የአየር ቧንቧው ርጥበት ይጎድላል፤ አክታውም እንደ ሙጫ ስለሚወፍር፥ ቆሻሻን ጠርገው የሚያወጡት ረቂቃን ጸጉሮች ተይዘው ይቀራሉ።

የዚህ ሳንባ ፈውስ ከመድኃኒቱ ብርታት ይልቅ መድኃኒቱ በተሰጠበት ጊዜ ላይ የተመሠረተ ይመስለኛል። ሱዶሞናስ ኤሩጂኖሳ የተባለው ባክቴሪያ በመጀመሪያ ሲገባ ቍጥሩ ጥቂት፥ ለመድኃኒትም የሚገዛ ነው፤ ከቈየ ግን ራሱ የሚያመነጨውን ልጋግ ለብሶ በማኅበር ስለሚኖር፥ ብርቱው መድኃኒት እንኳ ያዳክመዋል እንጂ አይነቅለውም። ኒልስ ሆይቢና ባልንጀሮቻቸው የሆኑት የኮፐንሃገን ሐኪሞች ይህን ተረድተው፥ ሕሙማኑ ደኅና መስለው ሳሉ እንኳ አክታቸውን በየወሩ መመርመር ያዙ። በ1991 በታተመው፥ 26 ሕሙማን በተካተቱበት ጥናታቸው፥ ባክቴሪያው ገና በታየ ጊዜ ለ3 ሳምንት የሚዋጥ ሲፕሮፍሎክሳሲንና በትንፋሽ የሚሳብ ኮሊስቲን ከተሰጣቸው መካከል በ27 ወራት ውስጥ ደዌው የጸናባቸው ከመቶ 14 ሲሆኑ፥ ካልተሰጣቸው ግን ከመቶ 58 ሆኑ። የሰዎቹ ቍጥር ማነሱ ሊያስነቅፈው ቢችልም፥ ዛሬ በብዙ አገር ለዚሁ ተግባር ቶብራማይሲን ለ28 ቀን በትንፋሽ እንዲሳብ የሚታዘዘው ይህንኑ አሳብ በመከተል ነው። ባክቴሪያው ከሕመምተኛ ወደ ሕመምተኛ እንደሚተላለፍ ሲታወቅ ደግሞ ሕሙማኑ በበጋ በአንድነት የሚሰበሰቡበት ጉባኤ ቀረ፤ አንዱ የሌላውን ሕማም ከማንም ይልቅ የሚያውቁ ሰዎች በአንድ ክፍል እንዳይቀመጡ መከልከላቸው፥ ተገቢ ቢሆንም፥ እጅግ የከበደ ሥርዓት ነው።

በየዕለቱ የሚደረገው አክታን የማውጣት ድካምም ደዌውን አስቀድሞ ከመከላከል አሳብ አይለይም። በአሜሪካ ሕፃናት ሌሊቱን በጉም በተመላ ድንኳን ውስጥ እንዲያድሩ ይደረግ ነበር፤ ኋላ በምርመራ ሲለካ ጥቅሙ ስላልታየ ተተወ፤ ያንን ያዘዙትም ሰነፎች አልነበሩም። በፈንታው ከመቶ 7 እጅ ጨው ያለበት ውኃ በትንፋሽ መሳቡ፥ በ2006 የታተመው የአውስትራሊያ ጥናት እንዳሳየው፥ የሕመሙን መነሣሣት ይቀንሳል፤ ከ1993 ጀምሮ የሚሰጠው ዶርኔዝ አልፋም የሞቱ ነጭ የደም ሕዋሳት አፍስሰው የሚተዉትን አክታ አወፋሪ ዲኤንኤ ይቈራርጣል። ደም በብዛት ሲተፋ የሚደማውን የደም ሥር ከውስጥ መድፈን፥ አየር በደረት ሲከማች በቱቦ ማስወጣት፥ ሳንባው ጨርሶ ሲደክም በሌላ መተካት የታወቁ ሥራዎች ናቸው።

በ2019 በአሜሪካ የተፈቀደው፥ ኤሌክሳካፍተር ቴዛካፍተርና ኢቫካፍተር የተጣመሩበት መድኃኒት የሕማሙን ምንጭ ራሱን ስለሚያርም፥ ለሚስማማቸው ብዙዎች አክታቸው እጅግ ቀነሰ፤ አስቀድሞ ሰፍቶ የተበላሸው ቧንቧ ግን ወደ ቀድሞ ጠባዩ አይመለስም፥ ባክቴሪያውም በብዙዎች ዘንድ አልጠፋም። በአክታ ምርመራ ይመራ የነበረው ሐኪምም አሁን የሚመረምረው አክታ ስላጣ፥ ጉሮሮን በጥጥ እየጠረገ፥ ካስፈለገም መመልከቻ ቱቦ ወደ ሳንባው እያወረደ ባክቴሪያውን ይፈልጋል።