ወንዴው ፓፓያ

ሐዋሳ በ1950ዎቹ የተቆረቆረች፣ ነዋሪዋም ከየአቅጣጫው የመጣባት ከተማ ናትና እንግዳ ተክል አይገርማትም። ፓፓያም ከተስማማቸው እንግዶች አንዱ ነው። ከባሕር ጠለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ ተክሉን የሚገድለው ውርጭ እምብዛም አይደርስባትም፤ አሸዋማ አፈሯም ሥሩ ላይ ውኃ አያቁርም።

በአዲስ ከተማ ክፍለ ከተማ፣ በአባቴ ግቢ ጥግ፣ አምስት የፓፓያ ዛፎች ነበሩ። ከአምስቱ ሁለቱ አበባቸውን በረጅም ዘለላ አንጠልጥለው ያረግፉ ነበር እንጂ አንዲት ፍሬ አልያዙም። አባቴ «ውኃ ፈጂ!» አላቸውና አንድ ቅዳሜ ሁለቱንም ቆረጣቸው። በቀጣዩ ዓመት ሦስቱ አበቡ፤ አበባቸውም ረገፈ። አባቴ አፈሩን ወቀሰ፤ ፍግ ጨመረ፤ በመጨረሻም «እጄ አይበጅም» ብሎ ተወው። እስኪያርፍ ድረስ ምክንያቱን አላወቀም፤ እኔም አላወቅሁም።

ያወቅሁት ከብዙ ዓመት በኋላ፣ ስለ አንድ የሆላንድ ሰው ሳነብ ነው። ያን ሁይገን ቫን ሊንስኾተን በ1580ዎቹ እ.ኤ.አ. በሕንድ ጎዋ የሊቀ ጳጳሱ ጸሐፊ ነበር፤ እንደ እኔው በወረቀትና በቀለም የሚኖር ሰው። በ1596 እ.ኤ.አ. በታተመው የጉዞ መጽሐፉ ስለ ፓፓያ ጽፏል። የመካከለኛው አሜሪካ ተወላጅ የሆነው ይህ ፍሬ ከስፔኖች ግዛት በፊሊፒንስ በኩል ወደ ማላካ፣ ከዚያም ወደ ሕንድ እንደገባ ይነግረናል። ዛፉ ወንዴና ሴቴ እንዳለው፣ ወንዴው እንደማያፈራ፣ ሁለቱ ከተለያዩ ግን ሴቴዋም ፍሬ እንደማትሰጥ ይጨምራል። ሰዎች መጀመሪያ ለእንግድነቱ ሲሉ አክብረውት፣ ኋላ ግን ከቁም ነገር እንዳልቆጠሩትም ጽፏል።

አንባቢ ሆይ፣ አባቴ በአንድ ቅዳሜ ያጠፋው ነገር አራት መቶ ዓመት ሙሉ ተጽፎ ተቀምጦ ነበር! በሠፈራችን ግን የነገረን አልነበረም።

ዛሬ ወንዴና ሴቴውን በአንድ አበባ የያዙ፣ ብቻቸውን የሚያፈሩ ዝርያዎች አሉ። እኔ ግን ባለፈው ክረምት በዚያው ጥግ የተከልሁት የድሮውን ዓይነት ዘር ነው። ዘሩም ሆነ ችግኙ ጾታውን አይናገርም፤ እስኪያብብ መጠበቅ ግድ ነው። ለአሥር ሴቴ አንድ ወንዴ ይበቃል ይባላል።

ቀኑን ሙሉ በባንክ መስኮት ገቢና ወጪ ስመዘግብ እውላለሁ፤ ማታ ችግኞቹን አጠጣለሁ። ልጄ «ይኼኛውስ ባያፈራ?» ትለኛለች። ስለ አያቷ የምነግራት ያን ጊዜ ነው።