ዘመኑ ያለፈበት መርከበኛ

አዲስ መሣሪያ በተፈለሰፈ ቁጥር የሰው ልጅ ድካም እንደሚቀል የታወቀ ነው። ይሁን እንጂ በአሮጌው መሣሪያ ዕድሜውን የፈጀው ባለሙያ ምን ይሆናል የሚለው ጥያቄ ብዙ ጊዜ ሳይነሣ ይታለፋል። ካፒቴን ጆሹዋ ስሎከም ለዚህ ጥያቄ በቃል ሳይሆን በጉዞ መልስ የሰጠ ሰው ነው። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ስሎከም በ1844 ዛሬ የካናዳ ክፍል በሆነችው በኖቫ ስኮሺያ ተወለደ። ገና በወጣትነቱ ወደ ባሕር ወጥቶ ከተራ መርከበኛነት እስከ አዛዥነት ደረሰ፤ የአሜሪካ ዜግነትም አገኘ። ነገር ግን እርሱ በሙያው ከፍ ባለበት ጊዜ ሙያው ራሱ ማሽቆልቆል ጀምሮ ነበር። አንዱን እንፋሎት በተከታታይ ሲሊንደሮች የሚያሠራው ሞተር የከሰልን ፍጆታ በመቀነሱ፣ ቀድሞ በከሰል ይያዝ የነበረው ቦታ ለጭነት ተረፈ። በ1869 የተከፈተው የስዌዝ ቦይም ይበልጥ የጠቀመው የእንፋሎትን መርከብ ነው። የቀይ ባሕር ነፋስ ለሸራ የማይመች በመሆኑ፣ ባለ ሸራው መርከብ እንደ ድሮው አፍሪካን መዞር ግድ ሆነበት።

በዚህ ላይ የግል ሐዘን ተጨመረ። በ1884 ባለቤቱ ቨርጂኒያ በቦነስ አይረስ ሞተች። በ1887 መጨረሻ ደግሞ የራሱ ንብረት የነበረችው አኩዊድኔክ የተባለች መርከብ በብራዚል ጠረፍ ተሰበረች። ስሎከም በዚያው ጀልባ ሠርቶ ሁለተኛ ሚስቱንና ሁለት ልጆቹን ይዞ በ1888 አሜሪካ ገባ፤ ከዚያ በኋላ ግን የሚያዝዘው የንግድ መርከብ አላገኘም።

በ1892 ክረምት ኤቤን ፒርስ የተባለ ጡረተኛ ካፒቴን፣ ጥቂት እድሳት የሚያስፈልጋት መርከብ እንዳለችውና ሊሰጠው እንደሚፈቅድ ነገረው። ስሎከም ማሳቹሴትስ ውስጥ ወደምትገኘው ፌርሄቨን ሄዶ ቢያይ፣ ስፕሬይ የተባለች ያረጀች ጀልባ ከባሕር ርቃ በሜዳ ላይ ተደግፋ አገኛት። ዛፍ ቆርጦ ጎድኖቿን በእንፋሎት እያለሰለሰ አጎበጠ፤ ሳንቃዋን አንድ በአንድ ለወጠ። ሥራው 13 ወር ፈጀ፤ ወጪውም 553 ዶላር ከ62 ሳንቲም ሆነ። ርዝመቷ 36 ጫማ ከ9 ኢንች፣ ወርዷ 14 ጫማ ከ2 ኢንች ነበር።

ኤፕሪል 24 ቀን 1895 የ51 ዓመቱ ስሎከም ብቻውን ከቦስተን ወደብ ተነሣ። በመጀመሪያ ያሰበው በስዌዝና በቀይ ባሕር አድርጎ ወደ ምሥራቅ ለመጓዝ ነበር። ጂብራልታር ሲደርስ ግን የእንግሊዝ የባሕር ኃይል መኮንኖች ስለ ባሕር ወንበዴዎች ስላስጠነቀቁት ፊቱን መልሶ ወደ ደቡብ አሜሪካ አቀና። የማጄላንን ወሽመጥ አልፎም ወደ ፓሲፊክ ገባ።

የመርከበኛው ዕውቀት በግልጽ የታየው እዚህ ላይ ነው። ኬንትሮስን ለማወቅ የግሪንዊች ሰዓት ያስፈልጋል። ስሎከም የባሕር ሰዓቱን ማሳደሻ 15 ዶላር ስለ ተጠየቀ ትቶት ነበር፤ የያዘው ፊቱ የተሰበረ በመሆኑ በአንድ ዶላር የገዛውን የቆርቆሮ ሰዓት ነበር። ስለዚህ በጨረቃና በፀሐይ መካከል ያለውን ርቀት በሴክስታንት ለክቶ ሰዓቱን ከሰማይ ለማግኘት ተነሣ። ይህ ስሌት ረጅምና አድካሚ ነው። ከሁዋን ፈርናንዴዝ ደሴት ከተነሣ በ43ኛው ቀን ያገኘው የመጀመሪያ ውጤት፣ እርሱ ከገመተው ቦታ በብዙ መቶ ማይል ራቀ። ስሎከም ግን ልኬቱን አላመነታበትም፤ የታተመውን ሠንጠረዥ መመርመር ጀመረ። በመጨረሻም በሠንጠረዡ ውስጥ የተሳሳተ ሎጋሪዝም አገኘ። ስሕተቱን አርሞ እንደገና ሲያሰላ ልዩነቱ ወደ 5 ማይል ወረደ፤ ከጥቂት ሰዓታት በኋላም ኑኩ ሂቫ ደሴት ታየችው። ሠንጠረዥን መጠቀም ለማንም ይቻላል፤ ሠንጠረዡ ሲሳሳት ማወቅ የሚችለው ግን ቁጥሩ ከየት እንደ መጣ የሚያውቅ ብቻ ነው።

የጀልባይቱም አሠራር ከዚህ ያነሰ አይደነቅም። ነፋስ ሸራውን የሚገፋበት ኃይልና ውኃ አካሏን የሚቋቋምበት ኃይል ስለ ተመጣጠኑ፣ መሪዋን አስሮ ቢተዋት አቅጣጫዋን ትጠብቅ ነበር። በሕንድ ውቅያኖስ እስከ ኪሊንግ ደሴቶች ባደረገችው የ23 ቀን ጉዞ 2,700 ማይል ስትሄድ፣ ስሎከም መሪ የያዘው በጠቅላላው ለሦስት ሰዓት ያህል ነው።

ጁን 27 ቀን 1898 ኒውፖርት ሲደርስ 46,000 ማይል ያህል ተጉዞ፣ ዓለምን በጀልባ ብቻውን የዞረ የመጀመሪያው ሰው ሆነ። የጉዞውንም ታሪክ በ1900 በመጽሐፍ አሳተመ።

ይህ ሁሉ ሲሆን የሸራው ዘመን አልተመለሰም፤ የጭነት ንግድም በእንፋሎት ቀጠለ። ስሎከምም የብስ ኑሮ አልሆነለትም። ከአሥር ዓመት ገደማ በኋላ በዚያችው በስፕሬይ ወጥቶ ሳይመለስ ቀረ። ስለዚህ ጉዞው ዕውቀት ሁሉን ያሸንፋል የሚያሰኝ አይደለም። የሚያስረዳው ሌላ ነገር ነው፤ ገበያ የአንድን ሙያ ዋጋ ሊያሳጣው ይችላል፤ ዛፉን ቆርጦ መርከብ የሠራውን እጅና የሠንጠረዡን ስሕተት ያገኘውን አእምሮ ግን ሊሽር አይችልም። መሣሪያው በተለወጠ ጊዜ ባለሙያው ከመሣሪያው ጋር አብሮ የሚጣል ዕቃ ተደርጎ እንዳይቆጠር የስሎከም ታሪክ ምስክር ነው።