የጥድ ደሴት፤ መሬቷና ገበያዋ

ከኩባ ዋና ደሴት በስተደቡብ፣ ከባታባኖ ባሕረ ሰላጤ ማዶ፣ 2,200 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ስፋት ያላት አንዲት ደሴት ትገኛለች። እስከ 1978 ድረስ የጥድ ደሴት ትባል ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ስሟ የወጣቶች ደሴት ነው። (ዓመታቱ ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) አስተዳደሯም በማንኛውም ክፍለ ሀገር ሥር ሳይሆን በቀጥታ ከማዕከላዊው መንግሥት ጋር ነው።

ሰሜኑ ሜዳ ሲሆን ኑዌቫ ሄሮና ከምትባለው ከተማ አጠገብ የእብነ በረድ ኮረብቶች አሉ። የላኒየር ረግረግ ደሴቲቱን ለሁለት ስለሚከፍላት ደቡቡ ድንጋያማና ሰው የማይበዛበት ጫካ ሆኖ ቀርቷል። የብርቱካንና የግሬፕ ፍሩት እርሻ የተስፋፋውም በሰሜኑ ክፍል ነው። የዚህን እርሻ ታሪክ ለመረዳት ግን ከአፈሩ ይልቅ ከጉምሩክ መጀመር የሚሻል ይመስለኛል።

እስፓንያ በ1898 ከተሸነፈች በኋላ፣ በ1901 የወጣው የፕላት ድንጋጌ የደሴቲቱን ባለቤትነት ወደፊት በሚደረግ ውል ይወሰን ብሎ ተወው። በዚህ ጊዜ የአሜሪካ ኩባንያዎች መሬቱን እየገዙ፣ እየሸነሸኑ ለአገራቸው ሰዎች ሸጡ። ሰፋሪዎቹም የአገራቸው ሰንደቅ ዓላማ በደሴቲቱ ላይ መውለብለቡ አይቀርም ብለው ግሬፕ ፍሩት ተከሉ። ደሴቲቱ የአሜሪካ ከሆነች ምርታቸው ያለ ቀረጥ ይገባል፤ የኩባ ከሆነች ግን ይቀረጣል። በ1907 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ከዚያ በመጣ ሲጋራ ምክንያት በተነሣ ክርክር ደሴቲቱ ለቀረጥ ጉዳይ እንደ ውጭ አገር ትቆጠራለች ሲል ፈረደ። ባለቤትነቷን ለኩባ የሚያጸናው ውል በ1904 ቢፈረምም የአሜሪካ ሴናት ያጸደቀው በ1925 ነው። እንግዲህ እነዚያ ገበሬዎች ፍሬ ለመስጠት ዓመታት የሚፈጅ ዛፍ እየተከሉ 21 ዓመት በጥርጣሬ ኖሩ ማለት ነው። በ1926 ደግሞ ኃይለኛ አውሎ ነፋስ እርሻውን መታው፤ ብዙዎቹም ጓዛቸውን ጠቅልለው ሄዱ።

በዚያው ዓመት መሠራት የጀመረው ትልቁ እስር ቤት፣ ፊደል ካስትሮ ከ1953 እስከ 1955 የታሰረበት፣ ራሱን የቻለ ጥናት ይፈልጋል።

ከ1959 አብዮት በኋላ የአሜሪካ ገበያ ተዘጋ። ሆኖም የሶቪየት ኅብረትና የምሥራቅ አውሮፓ ገበያ ስለተገኘ እርሻው ከቀድሞው እጅግ ሰፋ። የጎደለው የሰው ጉልበት ነበርና በእርሻው መካከል አዳሪ ትምህርት ቤቶች ተሠሩ፤ ተማሪዎቹም ግማሹን ቀን ይማራሉ፣ ግማሹን ቀን ይሠራሉ። ከአንጎላና ከሞዛምቢክ ብዙ ልጆች መጥተዋል። ከ1979 ጀምሮ ደግሞ አባቶቻቸው በኦጋዴን ጦርነት የወደቁባቸው ኢትዮጵያውያን ልጆች በዚያ ተምረው፣ ፍሬ ለቅመው አድገዋል።

በ1991 ሶቪየት ኅብረት ሲፈርስ ገዢው ጠፋ። ነዳጅና ማዳበሪያም አብሮ ስለ ጠፋ እርሻው እየተመናመነ ሄደ፤ የውጭ አገር ተማሪዎቹም በየጊዜው ወደየአገራቸው ተመለሱ።