ዓይንጋዲ የተፈጥሮ ጥብቅ ስፍራ

ዓይንጋዲ በእስራኤል፣ በሙት ባሕር ምዕራባዊ ዳርቻ፣ በይሁዳ ምድረ በዳ ጠርዝ የሚገኝ የተፈጥሮ ጥብቅ ስፍራ ነው። ስሙ በዕብራይስጥ «የግልገል ምንጭ» ማለት ነው። በመጽሐፍ ቅዱስ ዳዊት ከሳኦል ሸሽቶ የተሸሸገበት ቦታ ሆኖ ተጠቅሷል (1ኛ ሳሙኤል 24)። ስፍራው የተከለለው እ.ኤ.አ. በ1971 ሲሆን፣ ስፋቱ 14 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ነው።

የውሃው ምንጭ

በአካባቢው በዓመት የሚዘንበው ዝናብ ከ100 ሚሊ ሜትር በታች ነው። ምንጮቹን የሚመግባቸው በስተምዕራብ በይሁዳ ተራሮች ላይ የሚጥለው ዝናብ ነው። ውሃው በኖራ ድንጋይ ውስጥ ሰርጎ ቁልቁል ይጓዝና ከገደሎቹ ሥር ይፈልቃል። ዳዊትና አሩጎት የተባሉት ጅረቶች ዓመቱን ሙሉ ይፈስሳሉ። የሱላማጢስና የዓይንጋዲ ምንጮች ሲጨመሩ ጠቅላላው ውሃ በዓመት 3 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ይገመታል።

የእግር ጉዞ

ብዙ ጎብኚ የሚሄድበት አጭሩ መንገድ የዳዊትን ጅረት ተከትሎ፣ በኩሬዎችና በሸምበቆ መካከል አልፎ ዳዊት ፏፏቴ ይደርሳል። ከዚያ በላይ ያለው አቀበት ወደ ሱላማጢስ ምንጭና ከ5,000 ዓመት በላይ ዕድሜ ወዳለው የቤተ መቅደስ ፍርስራሽ ይወስዳል። የአሩጎት መንገድ ረዘም ይላል። በተራሮቹ ላይ ዝናብ ሲጥል በሸለቆዎቹ ድንገተኛ ጎርፍ ሊወርድ ስለሚችል፣ በዚያን ጊዜ መንገዶቹ ይዘጋሉ።

ዕፅዋትና እንስሳት

ሸለቆው የታላቁ ስምጥ ሸለቆ ሰሜናዊ ክፍል በመሆኑ፣ በኢትዮጵያ ቆላ የሚታወቁት ግራር፣ ቁርቁራና ጦቢያ በዚህም ይበቅላሉ። የኑቢያ ዋልያ፣ ማለትም የሰሜን ተራሮች ዋልያ የቅርብ ዘመድ፣ በገደሉ ላይ በመንጋ ይታያል፤ ሽኮኮዎችም በዓለቱ ላይ ፀሐይ ይሞቃሉ። ቀደም ሲል በስፍራው ይኖር የነበረው የዓረቢያ ነብር ግን ጠፍቷል።

የውሃ ክፍፍል

ከምንጮቹ ውሃ ብዙው ለአጎራባቹ ኪቡጽ እርሻና ለታሸገ ውሃ ይውላል። ስለዚህ ለጅረቶቹ ምን ያህል ይተው የሚለው ጥያቄ የጥብቅ ስፍራው ዋና ጉዳይ ነው፤ በምድረ በዳ መካከል ያለው ሕይወት የተንጠለጠለው በዚሁ ውሃ ላይ ነውና። ከታች ደግሞ የሙት ባሕር ወለል በዓመት ከ1 ሜትር በላይ ይወርዳል። ለዚህ ዋናው ምክንያት የዮርዳኖስ ወንዝ ውሃ ወደ ሌላ አገልግሎት መዞሩ ነው። ባሕሩ ሲሸሽ ከመሬት በታች ያለው ጨው በጨዋማ ባልሆነ ውሃ እየሟሟ መሬቱ ይሰረጉዳል። የዓይንጋዲ የመዋኛ ዳርቻ የተዘጋውም በዚህ ምክንያት ነው።