ለሐኑካ ለትንንሽ ልጆቻችን ምን ስጦታ እንምረጥ?

ሐኑካ ከኪስሌው 25 ቀን ጀምሮ ለ8 ቀናት ይከበራል። አባቶቻችን በኢትዮጵያ ይህን በዓል አያከብሩም ነበር። ብዙዎቻችን የሐኑካ ስጦታን ያወቅነው እስራኤል ከገባን በኋላ፣ ከልጆቻችን ጋን ነው። ለስምንት ሌሊት ስምንት መጫወቻ የመግዛት ግዴታ ግን የለብንም። በዓሉ ካለፈ በኋላ በየወሩ የምንከፍለው ስጦታ ዕዳ ነው። ስለዚህ በቅድሚያ የምናወጣውን ገንዘብ እንወስን፣ ቀጥሎ እንምረጥ።

ሰቪቮን፦ ዋጋው ትንሽ ነው። ኑን፣ ጊሜል፣ ሄ እና ፔ የሚሉት ፊደላት "ታላቅ ተአምር እዚህ ሆነ" የሚለውን የዕብራይስጥ አባባል ያስታውሳሉ። ልጁ እየተጫወተ ፊደል ይለያል።

መጽሐፍ፦ በ2009 እ.ኤ.አ. የተጀመረው ሲፍሪያት ፒጃማ በጋን በኩል ለልጆች መጽሐፍ በነፃ ይሰጣል። ዕብራይስጥ ማንበብ የሚከብደን ወላጆች ሥዕሉን እያሳየን በአማርኛ እንተርክላቸው። ቋንቋችንም አብሮ ይተላለፋል።

ሊጥ፦ ሁለት ኩባያ ዱቄት፣ አንድ ኩባያ ጨውና ጥቂት ውኃ አቡክተን እንስጣቸው። እናቶቻችን በጎንደር በሸክላ ሥራቸው ይታወቁ ነበር፤ ልጆቹም እንስሳትን ይሥሩበት። ጨው ስለበዛበት ግን እንዳይበሉት እንጠብቃቸው።

ጥንቃቄ፦ ከ3 ዓመት በታች ላሉ ልጆች ትንንሽ ክፍሎች ያሉት መጫወቻ አንስጥ፣ ያንቃቸዋል። የቁልፍ ቅርጽ ያላት ትንሽ ባትሪ ከተዋጠች ሕይወት ታጠፋለች።

የሐኑካ ሻማ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት መብራት አለበት። በዚያ ግማሽ ሰዓት ስልካችንን አስቀምጠን አብረናቸው እንጫወት። ይህ ስጦታ ገንዘብ አይጠይቅም።